ዲኤክሷን ምን እናልብሳት?

ዛሬ ስለ ባልና ሚስት፣ ስለ ከንፈር ወዳጅ አላወራችሁም። ቢሆንም ነገሩ ፍቅር አለበት፤ የመኪና ፍቅር። አንድ ጥፋትም አለብኝና እሱን ቀድሜ ልናዘዝ።

እኛ ሰፈር፣ ጀሞ፣ አንድ ጓደኛ አለኝ። ስሙን አልጠራም። ንብረቱ አንዲት ዲኤክስ ናት፤ ከአባቱ የወረሳት፣ ከሱም ከኔም በዕድሜ የምትበልጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራች ነጭ ኮሮላ። በአዘቦት ቀን ሥራ ይሄድባታል፣ እሁድ እናቱን ሐና ማርያም ያደርስባታል፣ የመኪና ውድድር አለ ሲባል ደግሞ የኋላ ወንበሯን አውልቆ ይሰለፍባታል። ባለፈው ዓመት ታዲያ መጣና «አንተ ጋዜጣ ላይ ለሰው ሁሉ ምክር ታድላለህ፣ እስቲ ለኔም ምከረኝ። ለውድድሩ ቀለም ላስቀባት ወይስ ስቲከር ላልብሳት?» አለኝ።

እኔ ምን አውቃለሁ? አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር ያነሳሁ ሰው ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን ምክር የሚሰጥ ሰው «አላውቅም» ማለት ያቅተዋል። «ስቲከር ነዋ! ፈረንጅ ሁሉ የሚያደርገው እሱን ነው» ብዬው አረፍኩ።

ሰማኝ። ለጎማና ለፍሬን ሸራ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ሄደና ከላይ እስከ ታች ቀይ አለበሳት፤ ኮፈኗ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር። ሦስት ቀን ሙሉ የሰፈር ልጅ ፎቶ ተነሳባት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ጣጣ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር መጣ። አስቆመውና ሊብሬ ጠየቀው። ሊብሬው «ነጭ» ይላል፣ የቆመችው መኪና ቀይ ናት። «ይቺ መኪና የማን ናት?» ልጁ የአባቱን መኪና የሰረቀ መሰለ። የመኪና ቀለም ሊብሬ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው፤ በቀለምም ሆነ በስቲከር ሙሉ ለሙሉ ከለወጣችሁ ሄዳችሁ ማስመዝገብ አለባችሁ። ይህን እኔም እሱም ረስተነዋል።

ከዚያ ክረምት ገባ። መስከረም ሲጠባ ስቲከሩ እዚህም እዚያም አባብጧል፣ የኮፈኑ ጠርዝ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነስቷል። ይዘናት ጎፋ፣ ላሜራ ሲቀጠቅጡ ያረጁ አንድ ባትላሜራ ዘንድ ሄድን። ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ የፊት ፓራፋንጎው ላይ የተነሳውን ጫፍ ያዙና ሳብ አደረጉት። ስቲከሩ መጣ። አሮጌው ቀለም ተከትሎት መጣ። ስቱኮውም ተከትሎ ረገፈ። ከስር ዝገት! ጣታቸውን ሰደድ ሲያደርጉ በላሜራው ሾልኮ ወጣ።

ጓደኛዬ «የአባቴ መኪና ናት» ብቻ አለ። እኔ የት ልግባ?

«ልጆቼ፣ ስቲከር የሚይዘው ከስሩ ያለውን ነው» አሉን ሰውዬው። «ከስሩ ያለው ቀለም ላሜራውን ካልያዘ፣ ስቲከሩ ምን ይያዝ?»

ከዚያ ቀን በኋላ ነው እንግዲህ ቀድሞ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት፤ ማንበብና መጠየቅ። በጀርመን አገር ታክሲ ሁሉ ክሬም ቀለም እንዲሆን ደንብ ነበር። የኛ ሚኒባስ ሰማያዊና ነጭ እንደሆነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባለታክሲዎቹ መኪናቸውን ክሬም በማስቀባት ፈንታ ክሬም ስቲከር ማልበስ ጀመሩ። ከዓመታት በኋላ ሊሸጧት ሲሉ ይልጡታል፤ የፋብሪካው ቀለም እንደ አዲስ ብቅ ይላል። አያችሁ? ስቲከሩ የመጣው ደህናውን ቀለም ሊጠብቅ ነው። እኛ የታመመውን ልንሸፍንበት ሞከርን።

ስቲከር ሁሉም አንድ አይደለም። አንዱ ፈሳሹ ተዘርግቶ እንዲደርቅ ተደርጎ የሚሠራው ነው፤ ስስ ነው፣ ከነሙጫው ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አያልፍ፣ በመኪናዋ ጉብታና ስርጉድ ላይ ይተኛል። ሌላው በሮለር ተዳምጦ የሚሠራው ነው፤ ወፈር ይላል፣ ርካሽ ነው፣ ሲቆይ ደግሞ ወደ ነበረበት ሊሰበሰብ ይጎትታል። ለሱቅ መስታወትና ለማስታወቂያ ሰሌዳ ጥሩ ነው፤ ለፓራፋንጎ ግን አይሆንም። የኛዋ የለበሰችው የትኛውን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። የአዲስ አበባን ፀሐይም አትርሱ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ ብርድ ነው ብለን ብንደርብም ፀሐይዋ ኮፈንና ጣሪያ ላይ ያለውን ስቲከር ከበሩ ቀድማ ትገድለዋለች።

እንዲያም ሆኖ ስቲከርን አላጣጥልም። የፋብሪካ ቀለሟ ያልተነካ ቪትዝ ወይም ያሪስ ያላችሁ፣ ለውድድር ካሰባችሁ፣ ስቲከር ያዋጣችኋል። በውድድር መጋጨት አይቀርም። በሩ ቢጫር የበሩን ብቻ ልጣችሁ ከዚያው ጥቅል ቆርጣችሁ ትለጥፋላችሁ። ቀለም ቢሆን፣ በተለይ ሜታሊክ ከሆነ፣ አንድ በር ቀብቶ ከሌላው ጋር ማመሳሰል ስንት ባለሙያ ያስለቀሰ ነገር ነው። ስፖንሰር ቢቀየርም ሥራው የአንድና የሁለት ቀን ነው።

ጓደኛዬ አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር። «ጋሼ፣ ቀለም ይከብዳል ይባላል፤ አይጎትተኝም?» ሽማግሌው ሳቁ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ተረት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1934 በጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ የመርሴዲስ መኪና ከተፈቀደው 750 ኪሎ በ1 ኪሎ በልጣ ተገኘችና ሌሊቱን ነጭ ቀለሟን ፍቀው በብርማው ላሜራዋ አሰለፏት ይባላል፤ የታሪክ አጥኚዎች ግን ይጠራጠሩታል። የማያጠራጥረው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 የፎርሙላ 1 ቡድኖች ክብደት ለመቀነስ የመኪናቸውን ከፊል አካል ቀለም ሳይቀቡ በጥቁሩ ማሰለፋቸው ነው። እነሱ ግን ለሰከንድ ሽራፊ ነው የሚጣሉት። ሽማግሌው ምን አሉት? «አንተ መለዋወጫ ጎማህን አውርድ!»

እናም ቀለም ሆነ። ዲኤክስ ደግሞ «ሌላ እገዛለሁ» ተብላ የምትጣል መኪና አይደለችም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ። ያለችንን ነው የምናስታምመው።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። የዛገው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደ፤ አንቲረስት፣ ከዚያ ስስ ስቱኮ፣ ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት፣ ደግሞ የብርጭቆ ወረቀት… ከሥራው አብዛኛው መፈግፈግ ነው። ቀለሙ የተረጨው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። (የሚረጨው ልጅ አፉን በሻርፕ አስሮ ሊገባ ሲል ሽማግሌው ጮኹበት። ቀለሙን የሚያጠነክረው ቅመም ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ፣ አስም የሚያስይዝ ነገር አለ። ጨርቅ አይመልሰውም፤ ንጹህ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያስገባ ጭምብል ያስፈልጋል። ጋራዥ የምትሠሩ ልጆች ስሙኝ!)

ቀለሙ ነጭ ነው። ሊብሬው ነጭ ይላላ! ቀዩንና ጥቁሩን መስመር፣ የውድድር ቁጥሩንም በስቲከር በሩ ላይ ሊያደርግ አሰበ። ወጪውንም ተካፍለነዋል፤ ምክሬ ነዋ ያስከፈለው። የፍሬን ሸራውም ተገዛ። ጎማው ገና ነው።

መኪናዋ ስትወጣ ጓደኛዬ እጁ በላው። «ጋሼ፣ መስመሩን ዛሬ ልለጥፍ?»

«ቀለሙ ገና ይተነፍሳል። ቢያንስ አንድ ወር ጠብቅ።»

«ውድድሩ እኮ የፊታችን እሁድ ነው!»

«እሱ ያንተ ጉዳይ ነው። የኔን ቀለም ግን እንዳትነካው።»

እሁድ ዲኤክሷ ሙሽራ መስላ ተሰለፈች። ቁጥሯ በማርከር ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ከውስጥ በኩል መስታወቱ ላይ በስኮች ተለጥፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።