የጠፋችው ጁምዓ

ለዚህ ወር ዓምዳችን ከዓለም ዙሪያ ጉድ ስንለቃቅም አንዲት የጠፋች ቀን አገኘን። የጠፋችውም ሌላ ቀን ሳትሆን ጁምዓ ናት።

ነገሩን መጀመሪያ ያወራነው በክፍል ውስጥ ነበር። እኛ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጂኦግራፊ ስናስተምር «ቲቸር»፣ ቅዳሜና እሑድ መድረሳ ስንቀመጥ «ኡስታዝ» እንባላለን። ሉሉን እያዞርን በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የተሰመረውን የቀን መለያ መስመር ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ስናሳይ የሳሞአን ታሪክ አነሳንላቸው።

ሳሞአ በዚያ ውቅያኖስ መካከል የምትገኝ ትንሽ የደሴቶች አገር ናት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2011 ሐሙስ ነበር። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ቀኑ በቀጥታ ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 31 ሆነ። ዓርብ ዲሴምበር 30 በዚያች አገር ጭራሹኑ አልነበረም። በዚያ ቀን የተወለደ የለም፤ የሞተም የለም።

ምክንያቱ ንግድ ነው። ሳሞአ ከመስመሩ በስተምሥራቅ ተመድባ ስለነበር እርሷ ዘንድ ዓርብ ሲሆን አብረዋት በሚነግዱት በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ ቅዳሜ ሆኗል፤ እነርሱ ሰኞ ቢሯቸውን ሲከፍቱ እርሷ ገና እሑድ ላይ ናት። በየሳምንቱ ሁለት የሥራ ቀን በከንቱ ያልፋል። ስለዚህ አገሪቱ ወደ መስመሩ ማዶ እንድትቆጠር ተወሰነ። (ይህ መንግሥት ለውጥ አይፈራም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2009፣ ከነዚያው አገሮች ያገለገሉ ርካሽ መኪኖች እንዲገቡ ሲል ሾፌር ሁሉ ከመንገዱ ቀኝ ወደ ግራ እንዲዞር አዝዞ ነበር።) የሚያስቀው ደግሞ ሳሞአ በ1892 ከአሜሪካ ጋር ለመነገድ ስትል ወደ ምሥራቁ ወገን በተሻገረች ጊዜ ጁላይ 4ን ሁለት ጊዜ ማክበሯ ነው። የወሰደቻትን ትርፍ ቀን ከ119 ዓመት በኋላ መለሰች ማለት ነው።

ይህን ስንናገር ከወንበሮቹ መካከል አንድ እጅ ወጣ። ይህ ልጅ መድረሳም ስለሚመጣ ሁለቱንም ስማችንን ያውቃል። «ቲቸር... ኡስታዝ፣ ጁምዓስ? ኹጥባው የት ገባ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ጥያቄው ግን ተስቆ የሚታለፍ አልነበረም። ፍርዱን ለዑለሞቻችን ትተን፣ ፀሐይ ያን ሌሊት አንዲት ደቂቃ እንኳ እንዳልዘለለች አስረዳን። ሐሙስ ጠለቀች፣ በማግስቱ ወጣች። የተዘለለው ሰዎች በወረቀት ላይ የጻፉት ስም ነው።

ስሙ ግን ቀላል ነገር አይደለም። የአሜሪካ ሳሞአ የምትባለው ጎረቤቷ መስመሩን ሳትሻገር በነበረችበት ቀርታለች። ከአፒያ እስከ ፓጎ ፓጎ ያለው ርቀት ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ያህል ነው፤ በመካከላቸው ግን ድፍን 24 ሰዓት አለ። አንድ ሰው በአፒያ ጁምዓ ሰግዶ በትንሽ አውሮፕላን ቢሻገር የሚያርፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ላይ ነው። ነገ ደግሞ ጁምዓ ይጠብቀዋል!

አላስካ ውስጥ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ሩሲያ ያንን ምድር ለአሜሪካ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ስትሸጥ ነዋሪዎቹ የሚቆጥሩት በእስያ ወገን ቀን፣ ያውም በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ነበር። ርክክቡ በ1867 ሲፈጸም ዓርብ ኦክቶበር 6 አልፎ በማግስቱ የመጣው ዓርብ ኦክቶበር 18 ሆነ። ሁለት ዓርብ በተከታታይ!

ሚስጥሩን ቀድመው ከጻፉት ሰዎች አንዱ የእኛው ሊቅ መሆናቸውን ስንነግራቸው ልጆቹ ዝም አሉ። የሐማው ገዥ፣ የታሪክና የጂኦግራፊ ሰው አቡል ፊዳእ በ1331 ነው የሞቱት። ሦስት ሰዎችን አስቡ ይላሉ። አንዱ በአገሩ ይቀመጣል፣ አንዱ ወደ ምዕራብ፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ ምድርን ዞረው ይመለሳሉ። ለተቀመጠው ሰው ዕለቱ ዓርብ ቢሆን፣ የምዕራቡ መንገደኛ ቀኑን እየተከተለ ስለሄደ አንድ ጎድሎበት «ሐሙስ ነው» ይላል፤ የምሥራቁ አንድ ተርፎት «ቅዳሜ ነው» ይላል። ከእርሳቸው ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1522፣ ከማጄላን መርከቦች የተረፈችው አንዷ ዓለምን በምዕራብ ዞራ ኬፕ ቨርዴ ስትደርስ መርከበኞቹ ረቡዕ ነው ብለው ወረዱ። የብሱ ላይ ሐሙስ ሆኖ ቆያቸው። መዝገባቸውን ደጋግመው ቢያዩም ስህተት አላገኙበትም።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው። ቀን ሲጠፋ ግን የሚከፍልም የሚቀበልም ሰው አለ። ሳሞአ በሕጓ ላይ ሠራተኛው የዚያችን ያልነበረች ዓርብ ደመወዝ እንዲያገኝ ደንግጋለች። እንግሊዝ በ1752 ከሴፕቴምበር 2 ወደ 14 ስትዘል «አሥራ አንድ ቀናችንን መልሱ» ተብሎ ሁከት ተነሣ ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ ዛሬ የታሪክ ሰዎች ይህን አያምኑትም። የግብር ዓመታቸው እስከ ዛሬ ኤፕሪል 6 ላይ መጀመሩ ግን ከነዚያ ቀናት ጋር የተያያዘ ነው።

ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ እስከ 2016 ድረስ ለመንግሥት ሠራተኞቿ በሂጅራ ወር ትከፍል ነበር። በዚያ ዓመት ኦክቶበር ላይ ክፍያውን ወደ አውሮፓውያን ወር አዞረች። አሥራ ሁለት ደመወዝ በ354 ቀን ይቀበል የነበረ ሰው ያንኑ አሥራ ሁለት ደመወዝ በ365 ቀን ይጠብቅ ጀመር። በዓመት የ11 ቀን ልፋት ሳይቀነስለት ክፍያው ተቀነሰበት።

እነዚህ 11 ቀናት ናቸው ረመዷንን በክረምትና በበጋ የሚያዞሩት። በአውሮፓውያኑ 2030 ረመዷን ጃንዋሪ ላይም ዲሴምበር ላይም ይጀምራል።

በማግስቱ የጠያቂው ልጅ አባት ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። «ኡስታዝ፣ ይህ ልጅ ስለ ጠፋች ጁምዓ ሲያወራ አላስተኛንም» አሉን። ስለ ሳዑዲው ደመወዝ ስናጫውታቸው ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ ዘካዬን የማወጣው ሐምሌ ላይ ነው፤ ለግብር ሒሳብ ስዘጋ አብሬ። ሃያ ሁለት ዓመቴ።»

እኛም ጠመኔውን አነሣን። የዘካ ዓመት የጨረቃ ዓመት ነው። በፀሐይ ዓመት የሚቆጥር ሰው በየዓመቱ 11 ቀን ወደኋላ ይቀራል፤ በ33 ዓመት አንድ ሙሉ ዘካ ይዘለዋል። በዘመናችን በፀሐይ ዓመት ሒሳባቸውን ለሚዘጉ ድርጅቶች ከመቶ 2.5 በመሆን ፈንታ 2.577 ይውጣ የተባለው ይህንኑ ለማካካስ ነው። ከመቶ ሺህ ብር 77 ብር ልዩነት ማለት ነው። ትንሽ ትመስላለች።

«የኔስ ስንት መጣ?»

«ሃያ ሁለት ጊዜ አሥራ አንድ፣ ሐጂ... 242 ቀን።»

«ስምንት ወር!» አሉና አጠገባቸው ካለው ዴስክ ላይ ተቀመጡ። «ስምንት ወር የሚስኪን ገንዘብ በሱቄ ውስጥ ሲሸጥ ሲለወጥ ኖሯል በለኛ።»

አውቀው እንዳላደረጉት፣ ያለፈውን እንዴት እንደሚያሟሉ ግን ከሸኻቸው ጋር ተቀምጠው እንዲመክሩ ነገርናቸው። አልመለሱልንም። ብናኙን ከጋቢያቸው አራግፈው ወጡ።

ልጁ እንደነገረን አሁን ከሱቁ ባንኮኒ በላይ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። በአንዱ ላይ ሐምሌ አለ። በሌላው ላይ ሻዕባን 1 በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል፤ የከበበውም እርሱ ራሱ ነው።