ትርጉሙ ያልተጠየቀ ስድብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሶደሬ ላይ በተካሄደ አንድ ዐውደ ጥናት ተካፋይ ነበርሁ። አዘጋጁ ማን እንደ ነበረ መጥቀሱ ለዚህ ጽሑፍ አይጠቅምም። ከምሳ በፊት በነበረው ውይይት አንድ ወጣት መምህር እጁን አውጥቶ፣ የቀረበልን ዕቅድ የተመሠረተበት መረጃ ከየት እንደ ተሰበሰበ ጠየቀ። መድረኩን ይመሩ የነበሩት ሰው ፈገግ ብለው «ይህ እንኳን ኦብስኩራንቲስት አስተሳሰብ ነው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወጣቱ ተቀመጠ፤ ጥያቄውም አብሮት ተቀመጠ።

ምሳ ላይ፣ ዳቦአችንን ከጦጣዎቹ እየጠበቅን፣ በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጥነው አምስት ሰዎች የቃሉን ትርጉም ተጠያየቅን። የሚያውቅ አልተገኘም። ከአምስታችን ሁለታችን ዶክተሮች ነበርን።

ማታ አዳማ ስገባ መዝገበ ቃላት ገለጥሁ። ቃሉ «ጨለማ» ከሚል የላቲን ሥር የወጣ ሲሆን፣ እውቀት እንዳይስፋፋና ነገር እንዳይብራራ የሚከላከልን ሰው ያመለክታል። እንግዲህ «መረጃው ይብራራልን» ያለው ልጅ አጨላሚ ተባለ ማለት ነው!

ፌዝን አልጠላም። ቅኔ የሚቀኝ ሕዝብ ፌዝን ቢጠላ ራሱን መጥላቱ ነው። ነገር ግን በቅኔ ወርቁን ያልፈታው ሰው እንኳ የተሰወረ ወርቅ መኖሩን ያውቃል፤ በሶደሬው ቃል ግን ተናጋሪውም ወርቁን ስለ ማወቃቸው እጠራጠራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የሰሜን ኮሪያው መሪ ኪም ጆንግ ኡን ዶናልድ ትራምፕን በሰደቡ ጊዜ፣ የአገሪቱ ዜና አገልግሎት በእንግሊዝኛው ትርጉም «ዶታርድ» የሚል፣ ከአፍ የጠፋ አሮጌ ቃል ተጠቀመ። የጃጀ ሽማግሌ እንደ ማለት ነው። አሜሪካውያን በዚያው ዕለት ወደ መዝገበ ቃላት ሮጡ። እኛ ግን መጀመሪያ እንስቃለን፤ የምንጠይቀው፣ ከጠየቅን፣ ምሳ ላይ ነው።

ይህ ልማድ በአዳራሽ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ባልጻፍሁ። ደርግ ኢሕአፓን «አናርኪስት» ይል ነበር። ቃሉ መንግሥት የሚባል ነገር ጨርሶ አይኑር የሚልን ሰው ያመለክታል፤ ኢሕአፓ ግን ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም እያለ የሚሟገት ማርክሲስት ሌኒኒስት ድርጅት ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ስንቱ ወጣት በዚህ ስም ተጠርቶ ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። የጠሪውም የተጠሪውም እናት ቃሉን አያውቁትም ነበር። በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅ ደግሞ «ቦናፓርቲዝም» መጣ፤ ማርክስ ስለ ሉዊ ቦናፓርት ከጻፈው የተወሰደ ቃል ነው፤ የአገሬው ሰው ነገሩን እንደ በሽታ ስም ሰማው።

ቀጥሎ «ኪራይ ሰብሳቢ» ነገሠ። ይህ የኢኮኖሚክስ ሙያ ቃል ነው። ሐሳቡን ጎርደን ተለክ እ.ኤ.አ. በ1967 አነሣው፤ ስሙን አን ክሩገር በ1974 አወጣችለት፦ ሳያመርቱ፣ ከመንግሥት የሚገኝ ልዩ ጥቅምን እያሳደዱ መክበር። እንግሊዝኛው ፈላጊ የሚለውን የእኛ ተርጓሚዎች ሰብሳቢ አደረጉት። አዳማ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አከራይተው ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ እናት በየማታው በዜና ስለ ራሳቸው ጥፋት ይሰሙ ጀመር። በአንጻሩ የመሬቱንና የፈቃዱን ነገር የሚያውቁት ሰዎች ቃሉን ከማንም በላይ አጥብቀው ይናገሩት ነበር። በእኔ ግምት ቃሉን የገደለው ይህ ነው፤ ዛሬ ስለ እውነተኛው ኪራይ ሰብሳቢነት ተማሪዎቼን ላስተምር ስነሣ ክፍሉ ይስቃል።

ከሁሉ የከፋው ግን «ጁንታ» ነው። በስፔንኛ ጉባኤ፣ ሸንጎ ማለት ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ በኩል ሲመጣ ሥልጣን በጉልበት የያዘ የመኮንኖች ቡድን ሆነ። በታሪካችን ለዚህ ፍቺ የሚገጥም አካል ቢፈለግ ደርግ ነው፤ የስሙም የግእዝ ፍቺ ኮሚቴ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ስሙ የተሰጠው ግን ክልል ያስተዳድር ለነበረው ሕወሓት ነው። ሕወሓት በሥልጣን ዘመኑ ለሠራው በደል ትክክለኛ ስም በአማርኛ ሞልቶ ነበር፤ እስራት፣ ግርፋት፣ ዝርፊያ። እነዚህ ቃላት ግን ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ የሚመለከቱትም ያደረገውን ሰው ብቻ ነው። «ጁንታ» ማስረጃ አይጠይቅም። ለልጅ ምላስ እንኳ የሚመች አጭር ቃል ስለ ነበረ፣ ከፓርቲው አልፎ በጎረቤት፣ በባለ ሱቅ፣ በሥራ ባልደረባ ላይ ትግርኛ ስለ ተናገረ ብቻ ሲለጠፍ ሰምተናል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም ቃሉ ከመግለጫዎች ወጣ። ለባለ ሱቁ ግን ይቅርታ የጠየቀው የለም።

ወደ ሶደሬ ልመለስ። በማግሥቱ ስብሰባው ቀጠለ። ወጣቱ መምህር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነበር፤ እስከ መዝጊያው ንግግር ድረስ እጁን አላወጣም። እኔ የቃሉን ትርጉም በወረቀት ጽፌ በኪሴ ይዤ ነበር፤ ዕድሉም ሁለት ጊዜ ተሰጥቶኛል። አንድ ጊዜ ስለ ሻይ ዕረፍት ተናገርሁ፤ ሁለተኛውን አዘጋጆቹን አመሰገንሁበት።