ለደመራ ዕለት ስብሰባ የጠራ ሰርቨር

መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቢቸና ውስጥ የዘጠኝ ሰው ስልክ እኩል ጮኸ። «ዛሬ ማርያም ነው፤ የብድር ኮሚቴ ስብሰባ አለ» ይላል። ከተማው ችቦ እያሰረ ነው፤ አደይ አበባ የያዙ ልጆች በየደጁ ይሯሯጣሉ። ማርያም በ21 ነው። ያን ዕለት ኪዳነ ምሕረት ነበር፣ ደመራም ነበር። የኮሚቴው ሊቀ መንበር እኔ ወዳለሁበት ሞጣ ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ ይህ ማሽንህ እመቤታችንን በወር ሁለት ጊዜ ሊያስከብረን ነው? ብድሩን እኮ የምንሰበስበው በ21 ነው!» ከጀርባቸው ሳቅ ይሰማል። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ማሽኑን የተከልሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱም የእኔ ነው። ግን ብቻዬን አላጠፋሁትም፤ ተባባሪዎቼን ሳልጠራ ወደ ንስሐ አልገባም።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። እኛ አገር ገበሬው በማርያም አያርስም። በበሬ ላይ ቀንበር በማይጣልበት ቀን ሰው ይገናኛል፤ ዕርቅ ይቆማል፣ ዕዳ ይከፈላል፣ ማኅበር ይጠጣል። ስለዚህ አንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ስብሰባውን በየወሩ በ21 ቢያደርግ ከማንም አማካሪ የተሻለ ፕሮግራም አውጥቷል ማለት ነው። ይህ ያልገባው ሰው ነው መጀመሪያ ያናደደኝ። ከእኔ በፊት አንድ ድርጅት ለማኅበሩ «ዘመናዊ አሠራር» ብሎ ሶፍትዌር ሸጦለት ነበር። ቀኑ ሁሉ በፈረንጅ። አንዱ ሽማግሌ «ልጄ፣ ማርያም የት አለች?» ብለው ቢጠይቁት አሠልጣኙ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «ቀስ በቀስ ትለምዱታላችሁ።» ስልሳ ዓመት ሙሉ ዘርቶ ያጨደ ሰው የገዛ ቀኑን ትቶ የማሽኑን ይልመድ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል።

ያ ሶፍትዌር ደግሞ ኢንተርኔት ከሌለ የሞተ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ የት እንደገባ ያየው የለም። እኔም ያኔ ነው እልህ የያዘኝ። የማኅበሩ ቀጠሮ በማኅበሩ ቢሮ ይኑር፣ ከቢሮው ዋይፋይ ውጪ ማንንም አይለምን ብዬ ወሰንሁ። ራዲካሌ የሚባል በፓይተን የተጻፈ ክፍት ምንጭ የካሌንደር ሰርቨር አለ። ነፃ ነው፤ ትንሽ ነው፤ ቀጠሮውን ሁሉ ተከፍቶ በሚነበብ ተራ ፋይል ያስቀምጣል። ስልኮቹ ከእሱ ጋር የሚነጋገሩት ካልዳቭ በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ስምምነት ነው።

መጫኑስ አቦል ሳይወርድ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ነው በረካም የማይበቃው።

ስልኮቹ ሰርቨሩን ማየት እምቢ አሉ። ሁለት ቀን ራውተሩን ስረግም ከረምሁ። ለካ ራዲካሌ ሲጫን 127.0.0.1 በሚለው አድራሻ ላይ ብቻ ነው የሚያዳምጠው፤ ማለትም ከራሱ በቀር የማንንም ድምፅ አይሰማም። ማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ 0.0.0.0:5232 ብዬ አንዲት መስመር ስቀይር ሁሉም ስልክ ገባ። (ይህን የምታደርግ ሰው የይለፍ ቃሉን ሳታበጅ በሩን እንዳትከፍት። የብድር ኮሚቴ ቀጠሮ ሁሉም የሚጽፍበት ግድግዳ አይደለም።)

ቀጥሎ ሰዓቱ። በመጀመሪያ ያቆምሁት ራስፐሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነበር። ሰሌዳዋ መብራት ሲጠፋ ሰዓት የሚጠብቅላት ባትሪ የላትም፤ ኢንተርኔት ካገኘች ከዚያ ትጠይቃለች፣ ካላገኘች ካቆመችበት ትቀጥላለች። ቢቸና ላይ መብራቱ ሄዶ፣ ኔትወርኩም ሄዶ፣ የእኔ ሰርቨር ማክሰኞን ሐሙስም ዓርብም ስትኖር ሰነበተች። ማንቂያው የሚጮኸው ከየስልኩ ስለሆነ ቀጠሮ አልተዛባም። ሎጉ ግን ዋሸኝ፤ ዛሬ የተበላሸውን ከትናንት በስቲያ ተበላሸ እያለ ያባርረኛል። በመጨረሻ ስክሪኑ የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ ፈልጌ ወደዚያ አዛወርሁት። የራሱ ባትሪ አለው፤ መብራት ሲሄድም አይደነግጥም። እስካሁን እሱ ነው ያለው።

ጸሐፊው ደግሞ አንድ ቀን በራሱ እጅ «3 ሰዓት» ብሎ ቀጠሮ አስገባ። ስልኩ 3 ሲባል የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። የሁሉም ስልክ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጮኸ። አንዷ የኮሚቴ አባል ሰው ሞተ ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር።

ይህ ሁሉ የሚታለፍ ነው። የማይታለፈው «በየወሩ በ21» የምትለዋ ነገር ናት።

ስልኩ ለድግግሞሽ የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ነው። ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ብዬ «በየወሩ» ስለው ኤፕሪል 29 ብሎ ያዘ። በሜይ 29 ደህና፣ ግንቦት 21 ላይ ዋለ። በጁን 29 ግን ሰኔ 22 ሆነ፤ ማርያም አልፋለች። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ደንቡን «በየ30 ቀኑ» አደረግሁት። የእኛ ወር 30 ነው አይደል? ሐምሌ፣ ነሐሴ፤ አንድም ቀን አልሳተም። ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ ጳጉሜን መጣች። ከነሐሴ 21 ተነሥተህ 30 ቀን ቁጠር፤ አምስቷን ጳጉሜን በልተህ የምታርፈው መስከረም 16 ላይ ነው። የደመራው ስብሰባ ምሥጢር ይኸው ነው።

በዚያ ሌሊት የቀጠሮውን ፋይል ቅጂ ከፈትሁት። ከላይ፣ ከአናቱ፣ አንዲት መስመር አለች፦ ካልስኬል፣ ሁለት ነጥብ፣ ግሪጎሪያን። በዓለም ላይ ካሌንደር የሚለዋወጡ ፕሮግራሞች የሚያወጧቸው ብዙ ፋይሎች ይህችን መስመር እንደ ቃለ መሐላ ግንባራቸው ላይ ለጥፈው ነው የሚዞሩት። የፋይሉ አጻጻፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በ2009 ሲታደስም ደንቡ የጎርጎርዮስ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ፈረንጅን ልራገም ብዬ ብዕሬን አሹዬ ነበር። መርገሙን የቀማኝ አንድ ሰነድ ነው። አር.ኤፍ.ሲ. 7529 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2015፣ በእኛ 2007 መሆኑ ነው፣ ወጣ። ሥራው አንድ ነው፤ ቀጠሮ ከጎርጎርዮስ ሌላ በሆነ አቆጣጠር እንዲደጋገም መፍቀድ። አርስኬል የምትል ቃል ጨምሮ፣ ከእሷ አጠገብ የአቆጣጠሩን ስም ጻፍ ይልሃል። ከምሳሌዎቹ አንዱ ምን መሰለህ? ኢትዮፒክ፣ ወር 13። ጳጉሜን አንድ! ሰነዱን የጻፉት ሰዎች ሐበሾች አይደሉም፤ ግን ጳጉሜናችንን ምሳሌ አድርገው አስገቧት። እኛ ምን አደረግንላት?

ምንም። ደንቡን በአርስኬል ጽፌ ሰጠሁት። ራዲካሌ የሚደገፍበት ዴትዩቲል የሚባለው የፓይተን መሣሪያ ቃሉን ሲያይ «አላውቅህም» ብሎ ጣለው። ስልኩም አልተቀበለውም። የሚገርመው፣ ያው ስልክ ሆዱ ውስጥ አይ.ሲ.ዩ. የሚባል ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የእኛን አቆጣጠር በዓመተ ምሕረትም በዓመተ ዓለምም አሳምሮ ያሰላል። ሊቢካል የሚባለው ሌላ ክፍት ምንጭ መሣሪያ ደግሞ ከአይ.ሲ.ዩ. ጋር አብሮ ሲሠራ አርስኬልን ይረዳል። ዕቃው ሁሉ ቤት ውስጥ አለ ማለት ነው። ወጥ የሚሠራ ሰው ነው የጠፋው። ክፍት ምንጭ ማለት እኮ በሩ አልተቆለፈም ማለት ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ያልተቆለፈ በር ፊት ቆመን «አላስገቡንም» እንላለን።

አሁን ተባባሪዎቼን ልጥራ። በየዓመቱ በኮምፒውተር ሳይንስ የምትመረቁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የመመረቂያ ሥራ ተብሎ ስንት «የቀን መቀየሪያ» ነው የተሠራው? እኔም አንድ ሠርቻለሁ። መቀየሪያ የሚነግርህ ዛሬ ምን እንደሚባል ነው፤ የዕለቱን ስም ይተረጉማል፣ አለቀ። ዘመን ግን ስም አይደለም፣ መመላለስ ነው። ማርያም መቼ ትመለሳለች? በጀት መቼ ይዘጋል? የቤት ኪራይ መቼ ይከፈላል? ይህን ለመመለስ ደንቡ ራሱ ማሽኑ ውስጥ መግባት አለበት። እኛ ግን የፈረንጅ ሰዓት ቆጣሪ ላይ የአማርኛ ቀለም ቀብተን «አገር በቀል ቴክኖሎጂ» ብለን እንሸልመዋለን።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። የበጀት ዓመታችሁ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ደብዳቤያችሁ በዓመተ ምሕረት ይወጣል፤ ሶፍትዌር ስትገዙ ግን በጨረታ ሰነዱ ላይ «ጳጉሜንን ይወቅ» የምትል አንዲት መስመር አላየሁም። ኔፓል በቢክራም ሳምባት መንግሥት ታስተዳድራለች፤ ኢራን በፀሐይ ሂጅራዋ። «ዓለም አንድ ሆኗል፣ እኛም ወደ ጎርጎርዮሱ እንግባ» የሚል ወዳጅ አለኝ፤ መብቱ ነው፣ በአደባባይ ይከራከር። እኔን የሚያንገበግበኝ ያለ ክርክር መግባታችን ነው፤ አዋጅ ሳይታወጅ፣ ሕዝብ ሳይጠየቅ፣ አንድ የሶፍትዌር ነጋዴ «ትለምዱታላችሁ» ስላለ ብቻ።

ደግሞ እኮ በጳጉሜን ስንነግድ ኖረናል። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» ብለው አገሪቱን ለቱሪስት ካስተዋወቁ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። አሥራ ሦስተኛዋን ወር በፖስተር ላይ ለፈረንጅ አሳየን። የወር ደመወዝተኛውም ጳጉሜንን በነፃ ይሠራል፤ እሱንም ለምደነዋል። ለገዛ ስልካችን ግን ነፈግናት።

በጥቅምት ሞጣ ላይ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ። ጾምና በዓሉን ሁሉ ለማኅበሩ ለማስገባት ፈልጌ ነበር፤ ጾምና በዓል የሚሰላበትን ባሕረ ሐሳብ ከመጽሐፍ አንብቤያለሁ፣ ከአፍ ግን ሰምቼ አላውቅም። ቢቸና ያደገ ሰው ዲማ ጊዮርጊስን የሚያህል የአብነት ትምህርት ቤት አፍንጫው ሥር እያለ ይህን ሲል ማፈር አለበት፤ አፍሬያለሁ። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዜሙት ይመስል ጀመሩ። «2018 ላይ 5500 ደምር። 7518። በአራት ግደፈው።» ሁለት ተረፈ። «ማርቆስ። በ19 ግደፈው።» አሥራ ሦስት። «አንዱን አትተህ ወንበሩ 12። በ11 አባዛው፣ በ30 ግደፈው፣ አበቅቴው 12፤ መጥቅዑ 18። መስከረም 18 ምን ዋለ?» እሑድ አልሁ። «የእሑድ ተውሳክ ሰባት። 25። ነነዌ ጥር 25 ትገባለች። ዘጠኝ ጨምርበት፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4።» እኔ ላፕቶፔን ሳልከፍት ጨረሱ።

ከፍቼ አሳየኋቸው። አርስኬል እምቢ ስላለ ሌላ መላ አበጅቻለሁ፤ በፓይተን አጭር ፕሮግራም ጽፌ የሚቀጥሉትን ዓመታት ማርያሞች፣ ጾሞችና በዓላት አንድ በአንድ አስልቼ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ቀጠሮ አድርጌ ሰርቨሩ ላይ ጭኛለሁ። ድግግሞሽ የለም፣ ደንብ የለም፣ ዝርዝር ብቻ። አስቀያሚ ነው፤ ግን ይሠራል። ጳጉሜን 6 ቀን 2019ን ጭምር አስገብቻለሁ ብዬ ኮራሁባቸው።

«የ2020ን ገና አንብብልኝ» አሉ።

«ታኅሣሥ 29።»

«ዘመኑ የማን ነው?»

7520ን በአራት። ምንም አልተረፈም። «ዮሐንስ።»

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልሁ። ከዚያ ገባኝ፤ በዘመነ ዮሐንስ ገና በ28 ነው የሚውለው፤ ይህን እናቴም ታውቀዋለች። ጳጉሜን አላወቀም ብዬ ዓለምን ስራገም የከረምሁት ሰውዬ ገናን በገዛ እጄ አንድ ቀን አስተላልፌያለሁ። ፋይሉን ከፍቼ 29ን አጥፍቼ 28 ጻፍሁ፤ የጻፍሁትን አሳየኋቸው።

የኔታ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«የ2024ስ?»