ጀሪካኑን ሳይሆን ፀሐዩን ጠይቁ

ወልቂጤ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው። የመጣ ዕለት ቢጫው ጀሪካን፣ በርሜሉ፣ ሮቶው ሁሉ ይሞላና እስከሚቀጥለው ፈረቃ ግቢ ውስጥ ተደርድሮ ይቆያል። ቡታጅራም ለዚህ እንግዳ አይደለችም። ከቀናት በኋላ የጀሪካኑ ውስጥ አረንጓዴ ሲለብስ ጥፋተኛ ፍለጋ አይኬድም፤ የቤቱ ሴት ወይም ሠራተኛዋ «አላጠበችም» ትባላለች። አሸዋና ጠጠር ከትታ ትንጠዋለች፣ በረኪና ትጨምራለች። ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴው ይመለሳል፤ ወቀሳውም አብሮት።

ይህ ፍርድ ስህተት ብቻ ሳይሆን በደልም ነው። አረንጓዴው አልጌ ነው፤ አልጌ ደግሞ የሚኖረው በብርሃን ነው። ብርሃን፣ ውሃና በውሃው የሟሟ ጥቂት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ካገኘ ይራባል፤ ቢጫው ፕላስቲክ ደግሞ ብርሃን ያሳልፋል። በአሸዋ የተፋቀ ጀሪካን ውስጡ ይጫጫራል፣ ጭረቱም ለቀጣዩ አልጌ መያዣ ይሆናል። በረኪናውም ፀሐይ ላይ ቶሎ ኃይሉን ያጣል፤ የቀረውን አልጌው ስለሚጨርሰው ለጀርም የሚተርፈው ጥቂት ነው። በመስታወት ገንዳ የባሕር ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች እንኳ አልጌ ሲያስቸግራቸው ከመድኃኒት በፊት መብራቱን ይቀንሳሉ፣ የዓሣውን ምግብ ይመጥናሉ።

«ፀሐይ ውሃ ታጸዳለች» የሚል መከራከሪያ አለ። እውነት ነው፤ ግን ብርሃን በሚያሳልፍ ትንሽ ጠርሙስ ለተሞላ፣ ላልደፈረሰ ውሃ፣ በጠራ ፀሐይ 6 ሰዓት ያህል ሲቆይ ነው። 20 ሊትር ጀሪካን ቀናት ሙሉ ፀሐይ ላይ ማቆም አልጌ ማልማት ነው።

ደግሞ የውሃ ቀለም ሁሉ አንድ አይደለም። ቀይ ቡናማ ዝቃጭ ብዙውን ጊዜ የጉድጓድ ውሃ ብረት እንጂ አልጌ አይደለም። ሐይቅና ግድብ ላይ እንደ ቀለም የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ግን ሳይኖባክቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ቆቃ ግድብ ላይ የታየው ማይክሮሲስቲስ የዚህ ወገን ነው፤ የሚያመነጨውን መርዝ ማፍላት አያጠፋውም። «አፍልቼዋለሁ» ብሎ መጽናናት እዚህ ላይ አይሠራም።

ስለዚህ ጀሪካኑ ቤት ውስጥ ወይም ጥላ ሥር ይግባ። ቦታ ከሌለ በማዳበሪያ ጆንያ ወይም በደረቀ የእንሰት ቅጠል ይሸፈን፤ በጉራጌ ይህ አይጠፋም። ሮቶ የሚገዛ ጥቁሩን ይምረጥ፣ ክዳኑንም ይግጠም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ስትዞሩ መጀመሪያ «ጀሪካኑ የሚቀመጠው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የየከተማው ውሃ አገልግሎትም ፈረቃውን ያሳጥር፤ ውሃ ቶሎ ቶሎ ቢመጣ ይህን ያህል ቀን የሚያከማች ሰው አይኖርም።