የጃኖ ባንድ እድገት በምን ሚዛን ይመዘን?

ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን በተነሣ ቁጥር ክርክሩ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን የኤሌክትሪክ ጊታር በጮኸበት ሁሉ ሥልጣኔ መጣ ይላል፤ ሁለተኛው ያንኑ ድምፅ ሲሰማ ባህል ሞተ ብሎ ያዝናል። ሁለቱም ጆሮአቸውን የሰጡት ለመሣሪያው እንጂ ለዜማው አይደለም። እኛ በሮክ ስልት የሚታወቀውን የጃኖ ባንድን ጉዞ ስንመረምር ከዚህ ክርክር ወጣ ብለን፣ ጓዱ ከእርሱ በፊት ከነበሩት ምን ያህል ተራመደ፣ ምንስ ቀረው ብለን ለመጠየቅ እንወዳለን። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ታላላቆቹ የሙዚቃ ጓዶች የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበሩ። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ፣ መሣሪያውም የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነበር። ኋላ ግን በየሆቴሉ እየተጫወቱ ራሳቸውን የቻሉ ባንዶች ብቅ አሉ። በሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን በመሣሪያ ብቻ የተቀናበረ ሸክላ አወጣ። አይቤክስ ባንድም በ1975 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን ሠራ። ከአይቤክስም ሮሃ ባንድ ተወለደ፤ ሮሃ ማለት የላሊበላ ጥንታዊ ስም መሆኑን አንባቢ ሁሉ ያውቃል።

ይሁን እንጂ የእነዚህ ጓዶች ስም ከዘፋኙ ስም ኋላ ነበረ። ካሴት የገዛ ሰው የማሕሙድን ወይም የንዋይ ደበበን ገዛሁ ይላል እንጂ የሮሃን ገዛሁ አይልም። ጊታር ይመታ የነበረው ሰላም ሥዩም፣ ቤዝ ጊታር ይጫወት የነበረው ጆቫኒ ሪኮ መሆናቸውን ስንቱ አድማጭ ያውቅ ነበር? ዋልያስም በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ ከአባሎቹ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት በታክሲ ነጂነት ኖረ። የሙያ ማነስ አልነበረም፤ ሙያን የሚያኖር መሠረት አለመኖሩ ነው።

ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን በ2012 ሲያወጣ፣ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ዘፋኞችን ከሙዚቀኞቹ ጋር በአንድ ስም አሰለፈ። አልበሙንም የታወቀው አሜሪካዊ ፕሮዲዩሰር ቢል ላስዌል አዘጋጀው። አድማጩ ዘፋኙን ሳይሆን ጓዱን በስሙ እንዲጠራ ማድረግ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህን የመጀመሪያውና እውነተኛው እርምጃ ነው ለማለት እንደፍራለን።

ሁለተኛው ሚዛን ቅኝቱ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከምንላቸው አራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስሞች ናቸው፤ በደላንታ ወገል ጤና ለሚኖር ሰው አምባሰል ጎረቤት አገር ነው። ከዚያው ከወገል ጤና ገደል ከ2008 ጀምሮ የሚወጣው ኦፓል አንድ ጠባይ አለው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን ይመጥና ኅብሩ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ግን እንደ ቀድሞው ያንጸባርቃል። በባሕር ማዶ ስልት የተነከረ ዜማም የሚፈተነው እንዲሁ ነው። የኤሌክትሪኩ ጩኸት ቢነሣና ዜማው በማሲንቆ ብቻ ቢመታ ኅብሩ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? በበኩላችን በ«ኤርታሌ» ውስጥ ይህን ፈተና የሚያልፉ ዜማዎች አሉ ብለን እናምናለን። ነገር ግን ጩኸቱ ግጥሙን የሚሸፍንበት ጊዜም አለ። ያገራችን ሰው ዘፈንን የሚያደምጠው ከሁሉ በፊት ለግጥሙ ነውና ይህ ጉድለት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ሦስተኛው ሚዛን ጽናት ነው። ሁለተኛው አልበም «ለራስህ ነው» የወጣው በ2018 ነው፤ በመካከሉ 6 ዓመት አለፈ ማለት ነው። በዚህ ጓዱን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ብዙ ሰው ያለበት ባንድ ልምምዱ፣ መሣሪያው፣ ጉዞው ሁሉ ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። አልበሙ ግን በገባያ ላይ ከዋለ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ በነፃ ይተላለፋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ2004 ታውጆ፣ በ2014 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ሕጉ አለ ማለት ነው፤ የጎደለው ሕጉን ከወረቀት አውርዶ ለሙዚቀኛው እንጀራ የሚያደርግ ሠራተኛ ነው። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ የሚቀመጡ ብዙ ናቸውና ጉዳዩ እነርሱንም ይመለከታል።

ለጓዱም የምንለው አለን። የቅኝቶቹ ባለቤት የሆነ ሕዝብ ዜማው በጊታር ሲመታ ቀርቦ ይስማ፣ ይፍረድም። ደሴ፣ ወልድያ፣ ላሊበላና ወገል ጤና የሚማረው ወጣት ጓዱን በስልክ ብቻ ማየት የለበትም። አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ማጨብጨባቸው መልካም ነው፤ አምባሰል በትክክል መመታቱን አለመመታቱን ግን የሚነግራቸው ወሎ ነው። እስከዚያ ድረስ የጃኖን ጉዞ በጥሩ ተጀምሮ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ያለ እድገት ብለን እንመዝነዋለን።