ንፍፊት በሽታ ነው ወይስ ዘበኛ?

በዚህ ወር የምንመልሰው አንድ ባልና ሚስት ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ፣ በጋራ የጻፉልንን ደብዳቤ ነው። ስማቸው እንዳይወጣ ስለ ጠየቁን ትተነዋል።

የ8 ዓመት ልጃቸው በግ ሲጠብቅ ባዶ እግሩን ኮሸሽላ ረገጠ። እሾሁን አወጡለት፤ ነገሩም ተረሳ። በ3ኛው ቀን ግን በብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ወጣ፤ ልጁ አነከሰ፤ ሌሊትም አተኮሰው። አንዱ ጎረቤት በጋለ ብረት ይተኮስ አለ፤ ሌላው ደግሞ በቅቤ ይታሽና ይሟሟ ሲል መከረ። አባትን ያስፈራው ግን ሌላ ነገር ነበር። ወረድ ባለው ወይና ደጋ የሚኖሩት አማቱ እግራቸው በዝሆኔ ካበጠ ብዙ ዓመት ሆኗል። በድንጋጤ ላይ ሳለ፣ ይህ ከእናትሽ ወገን የመጣ ነው የሚል ቃል ከአፉ ወጣ። ሚስቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቷን ልጠይቅ ማለትን ትታለች፤ በመካከላቸውም ዝምታ ገብቷል። የሚጠይቁን ይህን ነው፦ ንፍፊቱ የዝሆኔ መጀመሪያ ነውን? ዝሆኔስ የዘር በሽታ ነውን?

መጀመሪያ ስለ ንፍፊቱ

ደም በሰውነታችን ሲዘዋወር ከቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ውስጥ ውኃማ ፈሳሽ ወደ ሥጋችን ይሰርጋል። ይህ ፈሳሽ ለሥጋችን ምግብ ያደርሳል። ሥራውን ጨርሶ የተረፈው ግን በዚያው ቢቀር ኖሮ ሁላችንም እናብጥ ነበር። እንዳይቀር ሰብስበው ወደ ደም የሚመልሱት የሊምፍ ቱቦዎች ይባላሉ። በአንድ ቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር ገደማ ፈሳሽ በአንገታችን ሥር ባሉት ትላልቅ ደም መልሶች በኩል ይመልሳሉ። ደምን ልብ ይገፋዋል፤ ሊምፍን ግን የሚያንቀሳቅሰው የቱቦዎቹ መኮማተርና የጡንቻዎቻችን ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ወይም ተቀምጦ የዋለ ሰው እግሩ የሚከብደው አንድም ስለዚህ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ኬላዎች አሉ። በአንገት፣ በብብት፣ በብሽሽትና በሆድ ውስጥ ከ500 የሚበልጡ የሊምፍ ዕጢዎች ተቀምጠዋል። በደኅና ጊዜ ትናንሽ ስለ ሆኑ መኖራቸውንም አናውቅም።

እሾሁ የልጁን እግር ሲወጋ ጀርሞች አብረውት ገቡ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቁስሉ ደረሱ። ጀርሙን ይውጣሉ፤ ብዙዎቹም በዚያው ይሞታሉ። ከቁስል የሚወጣው መግል በአብዛኛው የእነዚህ ሟቾች ክምችት ነው። በዚያው ጊዜ ሌሎች ሴሎች የጀርሙን ቁራጭ ተሸክመው በሊምፍ ቱቦ ወደ ብሽሽት ይወጣሉ። በዕጢው ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት ጠላት ብቻ የሚለዩ ብዙ ተከላካዮች ይጠብቃሉ። መልእክተኛው ያመጣውን ቁራጭ የሚያውቀው ሲገኝ ይባዛል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም እጅግ ይበዛል። ዕጢው የሚያብጠው በዚህ ጊዜ ነው። እኛም ንፍፊት ወጣ እንላለን።

እንግዲህ ንፍፊቱ ራሱ በሽታው አይደለም። ጠላት መግባቱን ያየ ዘበኛ ነው። ትኩሳቱም የዚሁ ውጊያ ክፍል ነው። ውጊያው ካለቀ በኋላ ጥቂት ተከላካዮች ያን ጀርም እያስታወሱ ለዓመታት ይቆያሉ። ክትባት የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ሕፃናት በ9ኛውና በ15ኛው ወር የሚከተቡት የኩፍኝ ክትባት፣ በሽታው ሳይመጣ ሰውነት እንዲያውቀው ያደርጋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ዘበኛውን አትተኩሱት፤ አትብጡት፤ አትሹት። መተኮስ ሌላ ቁስል ይጨምራል እንጂ ጀርሙን አያጠፋም። ንፍፊቱን ትታችሁ እግሩን ተመልከቱ። በውስጥ የቀረ የእሾህ ስባሪ አለ? ቁስሉ መግል ይዟል? በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ትኩሳት ካለ፣ ከቁስሉ ወደ ላይ የሚወጣ ቀይ መስመር ከታየ ወይም ልጁ መርገጥ ካቃተው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እሾህ የመንጋጋ ቆልፍን ጀርም ሊያስገባ ስለሚችል የክትባቱንም ነገር ጠይቁ። ቁስሉ ሲድን ንፍፊቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል።

ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ፣ እያደገ የሚሄድ ወይም እንደ ድንጋይ የጠጠረ ዕጢ ግን መመርመር አለበት። በተለይ በአንገት ላይ ወጥቶ ከመክሳትና ከሌሊት ላብ ጋር ከመጣ የዕጢ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ይህ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚታይ፣ በመድኃኒትም የሚድን በሽታ ነው።

ዝሆኔስ?

የልጃችሁ ንፍፊት የዝሆኔ መጀመሪያ አይደለም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የሊምፍ መንገድ ብቻ ነው።

በትንኝ አማካይነት የሚተላለፍ ዝሆኔ በአንዳንድ ቆላማ አካባቢዎች አለ። በደጋና በወይና ደጋ ባዶ እግራቸውን በሚሄዱ ሰዎች ላይ የሚታየው ግን ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ነው። ስሙን ያወጡለት በኢትዮጵያ ውስጥ በሽታውን ያጠኑት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው፤ እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ፣ በዓይን የማይታይ የአፈር ብናኝ በቆዳ በኩል ይገባል። ነጭ የደም ሴሎች እንደ ልማዳቸው ይውጡታል፤ ነገር ግን ማዕድን ስለ ሆነ ሊፈጩት አይችሉም። ውጊያው ማብቂያ ያጣል፤ ቱቦዎቹ ይቆስላሉ፣ ይጠባሉ፣ ይዘጋሉ። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ገምቷል።

የዘር ነው ወይ? እ.ኤ.አ. በ2012 በወላይታ ሕሙማን ላይ ተሠርቶ የታተመ ጥናት፣ የሰውነትን የመከላከል ሥራ ከሚመሩት የዘር ቅንጣቶች አንዳንዶቹ ሰውን ለዚህ በሽታ ይበልጥ እንደሚያጋልጡ አሳይቷል። ስለዚህ ተጋላጭነቱ በቤተሰብ ሊወረድ ይችላል፤ ነገር ግን እግሩ ከአፈሩ የተጠበቀ ሰው አይታመምም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ በአንድ አልጋ መተኛት፣ የታመመውን እግር በእጅ ማጠብ ማንንም አያሲዝም። መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ነው፤ በሽታው ይበልጥ የሚታየው ከዚያ ዝቅ ባለው ወይና ደጋ ነው። ልጃችሁ አያቱ አገር ሲከርም ጫማ ያድርግ፤ ማታ ማታም እግሩን ይታጠብ። እቤታችሁም ቢሆን ጫማው ከኮሸሽላ ያድነዋል።

አማትህን በተመለከተ

ወንድማችን ሆይ፣ የአማትህ እግር ምንም አይደረግለትም ብለህ አትተወው። በወላይታ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት ሚሲዮናዊ ሐኪም ዶክተር ናታን ባርሎው፣ በዚህ በሽታ የተገፉትን ለመርዳት በእርጅናቸው ዘመን አንድ ሥራ ጀመሩ። ሥራው እግር ማጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናትም፣ እንዲህ ያለው ቀላል እንክብካቤ እግሩ በድንገት እየተቆጣ የሚያተኩስበትን ጊዜ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

በየቀኑ እግራቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ በተለይ በጣቶቹ መካከል። ቀጥሎ በጤና ባለሙያ በታዘዘው መጠን በረኪና በገባበት ውኃ ይዘፍዝፉ፤ አድርቀው ቫዝሊን ይቀቡ። ሲቀመጡ እግራቸውን ከፍ ያድርጉ፤ ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ። ካልሲና ሰፊ ጫማ ያድርጉ። እግሩ ተቆጥቶ ሲያተኩስ ብዙ ሰው ምች መታኝ ብሎ ይተኛል፤ ዕረፍትና የጤና ጣቢያ መድኃኒት ግን ያስፈልጋቸዋል።

ስለ ፈውስ እንጸልያለን፤ ጸሎትና ሳሙና አይጣሉም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 12 ስለ አካል ክፍሎች የጻፈውን ዛሬ ማታ አብራችሁ አንብቡ። እሾህ የወጋው የልጃችሁን ውስጥ እግር ነበር፤ ብሽሽቱ አበጠለት፤ መላ ሰውነቱም አተኮሰለት። ከአካሉ መካከል ይህ የእኔ ወገን አይደለም ያለ አልነበረም።

ወንድማችን፣ በድንጋጤ የተናገርከውን ቃል ሚስትህን ይቅርታ ጠይቅበት። እህታችን፣ አንቺም ይቅር በዪው። ከዚያም ልጃችሁን ይዛችሁ፣ ሳሙናና ሰፊ ጫማ ገዝታችሁ፣ ሁለታችሁም ወደ እናታችሁ ውረዱ። ውኃውን አንዳችሁ ቅዱ፤ ሌላችሁ እጠቡ። ጌታችን በዮሐንስ ምዕራፍ 13 ያደረገውን እናስታውሳለንና በዚህ ሥራ የሚያፍር አይኑር።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።