ኩሬ ቆፋሪ ሞልቷል፤ የዓሣው ክትባት የት አለ?

በሌማት ትሩፋት ስም ኩሬ ይቆፈራል፣ የዓሣ ጫጩት ይከፋፈላል፣ ካሜራም ይቀርጻል። ዓሣው ሲታመምስ? ለዚህ ጥያቄ መድረክ ላይ መልስ የሚሰጥ የለም።

ቆሮሶ ጠባብ ኩሬ ውስጥ ሲጨናነቅ ባክቴሪያ ይመቸዋል። ኤሮሞናስ ቆዳ ያቆስላል፤ ስትሬፕቶኮከስ አንጎል ድረስ ይዘልቃል። በጣና ዓሣዎች ላይ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን አግኝቷል። እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ክትባት በሌለበት አርቢው የሚሮጠው ወደ አንቲባዮቲክ ነው። ቴትራሳይክሊን ደግሞ የሰውም መድኃኒት ነው። ኩሬ ውስጥ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ እዚያው አይቀርም።

ጉዳዩ የገጠር ብቻ የሚመስለው ኮልፌ ቀራንዮን ይመልከት። ዘነበወርቅ፣ አለርት ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት የተመሠረተው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ለማጥናት ነው። ከአየር ጤና የጅማን መንገድ ይዞ የወጣ ሰው ሰበታ ላይ የዓሣ ምርምር ማዕከሉንም የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩቱንም ያገኛል። ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ መንግሥት የአባ ሰንጋን፣ የአባ ጎርባንና የጎርርሳን ክትባት ያመርታል። ሦስቱም የባክቴሪያ በሽታዎች ናቸው። ባለሙያ አለ፣ ማምረቻ አለ። የጠፋው ትእዛዝና በጀት ነው።

«እርባታችን ገና እፍኝ ነው፤ ክትባት ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ኖርዌይ በ1987 እ.ኤ.አ. ለሳልሞን እርባታ ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ተጠቅማለች። ክትባቱ ከተስፋፋ በኋላ ምርቷ ከሚሊዮን ቶን ሲያልፍ አንቲባዮቲኳ ከአንድ ቶን በታች ወርዷል። ኢትዮጵያ ያንን 50 ቶን ካላፈሰሰች አትማርም?

የሳልሞን ክትባት ገዝቶ ቆሮሶን ማዳንም አይቻልም፤ ክትባት ከአገሩ ባክቴሪያ ጋር መግጠም አለበት፤ ይህም ዓመታት ይፈጃል። እያንዳንዱን ዓሣ በመርፌ መውጋት አድካሚ መሆኑ እውነት ነው። ጫጩቶቹን ግን ክትባት በተቀላቀለበት ውኃ መንከርም ይቻላል።

ስለዚህ ሰበታ ከሚያልቁ ኩሬዎች ናሙና ይሰብስብ፤ ቢሾፍቱ ባክቴሪያውን ገድሎ የሙከራ ክትባት ይሥራ፤ ግብርና ሚኒስቴር ለኩሬ ቁፋሮ ከሚመድበው ላይ ለዚህ ይቁረጥ። ኩሬ መመረቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ዓሣውን በሕይወት ማቆየት ግን የዓመታት። ሳይቃጠል በቅጠል!